ቁልቋሉን ከመጠጣቴ በፊት የጠየቁኝ ነገሮች

ፔሩ ሄጄ ተራራ ላይ የዕፅዋት መድኃኒት ሪትሪት (ከከተማ ራቅ ብሎ በቡድን የሚካሄድ፣ ራእይ የሚያሳይ ዕፅ የሚጠጣበት ሥርዓት) ተካፍዬ መመለሴን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ምን አየህ?» ነው። ይገባኛል፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ቪድዮ ሁሉ ስለ ቀለም ስለ ራእይ ምናምን ነው። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ከመሄዴ በፊት ምን ምን እንደጠየቁኝ ነው፣ ምክንያቱም ደህና ገብቼ ደህና የወጣሁት በዛ ነው ብዬ ከልቤ ስለማምን።

ወንድሜ ካረፈ በኋላ ሐዘኑ አልወጣልኝም። ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም፣ ሰው ሳስተናግድ ነበር፣ ከዛ ሥራ ገባሁ፣ ከዛ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ስሙ ሲነሳ ከክፍሉ ተነስቼ መውጣት ጀመርኩ። ቴራፒስት ጋር መሄዴ ብዙ ረድቶኛል፣ ግን የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ እንቅ ይለኝና ወሬ እቀይራለሁ። ሪትሪቱን ሳስብ መጀመሪያ የነገርኩትም ለሱ ነው።

ያገኘሁት አንዱ ቦታ ስሜንና የባንክ ካርዴን ብቻ ነው የፈለገው፣ ቀን ምረጥ፣ ክፈል፣ በቃ። ሌላኛው ግን ስለ ገንዘብ ሳያነሳ ረጅም ፎርም ላከልኝ። የምትወስደው መድኃኒት አለ? ልብህን ታመህ ታውቃለህ? ደም ግፊትስ? ከቤተሰብህ ባይፖላር ወይም ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? ሞልቼ ከላክሁ በኋላ ደግሞ አንዲት ነርስ በቪድዮ ደውላ እያንዳንዱን መልሴን እንደገና ጠየቀችኝ፣ ስለ ወንድሜ ሳወራ አላቋረጠችኝም፣ ስጨርስ ደግሞ «አሁን ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነህ? ስትመለስ ማን ይቀበልሃል?» አለችኝ። ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ፎርሙ ለወግ የሚሞላ አይደለም እሺ። ለምሳሌ አያዋስካ የሚባለውን መጠጥ ላንሳ፣ ከአማዞን ጫካ የመጣ ነው፣ አሁን ግን ተራራ ላይ ባሉ ሪትሪቶችም ይሰጣል። አንድ ሐረግና ቻክሩና የሚባል ተክል ቅጠል አብረው ተቀቅለው ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው፣ ራእይ የሚያሳየው ዲኤምቲ የሚባል ንጥረ ነገር ብቻውን ቢዋጥ ሰውነታችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም ያጠፋዋል፣ ሐረጉ ግን ያንን ኢንዛይም ያግደዋል፣ በዚህ ነው የሚሠራው። እና ሰውዬው ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚጨምር የድብርት መድኃኒት እየወሰደ ይሄንን ከጠጣ ሁለቱ ተደራርበው ትኩሳት፣ የጡንቻ መገተር፣ መንቀጥቀጥ ሊያመጡ፣ ሊገድሉም ይችላሉ። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ዛሬ አቁመህ ነገ የሚወጣ አይደለም፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ሙሉ በሙሉ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈልጋል። እባካችሁ ለሪትሪት ብላችሁ መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ፣ በድንገት ማቆሙ ራሱ ሰው ይጎዳል፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አናግሩ።

እኔ የጠጣሁት ግን አያዋስካ ሳይሆን ዋቹማ ነው፣ ሳን ፔድሮም ይሉታል፣ የአንዲስ ተራሮች ላይ የሚበቅል ረጅም ቁልቋል። ቻቪን ደ ዋንታር የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ድንጋይ ላይ ይሄንኑ ቁልቋል በእጁ የያዘ ምስል ተቀርጿል፣ ስለዚህ የትናንት ነገር አይደለም፣ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ የሚታወቅ ነው። ውስጡ ያለው ሜስካሊን ይባላል፣ የልብ ምትና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ከፍታውም ልብን ያደክማል፣ የገባንበት የኩስኮ ከተማ 3,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ ገና ከአውሮፕላን ስትወርድ ደረጃ መውጣት ያቅትሃል፣ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹን እዛ ሶሮቼ ይሉታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ዝቅ ወዳለው ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ ወስደው ምንም ሳያስደርጉ ያሳረፉን። አንዳንዱ ሰው «ለዚህ ነው የከፈልነው?» ብሎ ተነጫነጨ፣ እኔ ግን እዛው ነው ያመንኳቸው።

ሥርዓቱን የሚመሩት ትልቅ ሴት ናቸው፣ ማማ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከመሄዴ በፊት እናቴ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጥንቆላ እንዳይሆን» ብላ ተጨንቃ ስለነበር በአስተርጓሚ በኩል ነገርኳቸው፣ እኔ በራሴ ሃይማኖት ነው የምጸልየው አልኳቸው። «በለመድከው ጸልይ፣ እኔም በለመድኩት እጸልያለሁ» አሉኝ። እሳቸው የኮካ ቅጠል ይዘው ለምድርና ለተራሮቹ ጸለዩ፣ እኔ ዳዊቴን ደገምኩ።

መጠጡ ወፍራምና በጣም መራራ ነው። ዋቹማ የሚጠጣው ብዙ ጊዜ በቀን፣ ደጅ ነው፣ ቶሎም አይመጣም፣ እኔን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው መጀመሪያ ማቅለሽለሽ ከዛ ደግሞ ማስመለስ የጀመረኝ፣ ሌላ ምንም። ከዛ ቀስ እያልን ሽቅብ ስንሄድ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። ባሕር ዛፍ እዛም ሞልቷል፣ አላወቅሁም ነበር። ወንድሜና እኔ ልጆች ሆነን ቅጠሉን በእጃችን ፈትገን እናሸት ነበር፣ አንዱ ቅጠል ሲደርቅ ሌላ ይቀነጥስልኛል፣ እና እዛ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ስሙን ጮክ ብዬ ጠራሁት፣ ደጋግሜ ጠራሁት፣ ለቅሶው መጣ፣ እንደዛ አልቅሼ አላውቅም፣ ሆዴ እስኪያመኝ። እንግዲህ ምን አየህ ለምትሉኝ ያየሁት እሱን ነው፣ ራእይ ሳይሆን በትዝታዬ፣ ግን ፊቱ ጥርት ብሎ፣ ከታመመ በኋላ ያለው ፊቱ ሳይሆን የልጅነቱ።

አንዲት አስተባባሪ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። አልነካችኝም፣ ትርጉም አልሰጠችኝም፣ «አይዞህ» እንኳ አላለችኝም፣ ውሃ አጠገቤ አስቀምጣ ቁጭ አለች። ሜስካሊን አሥር አሥራ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ እሷም ከሌላ ሰው ጋር ሳትቀያየር እስከ ማታ እዛው ነበረች።

በማግስቱ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፣ ማውራት የፈለገ አወራ ያልፈለገ ዝም አለ። ለጊዜው ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ፣ ሥራ አትልቀቁ፣ ትዳር አታፍርሱ ተባልን፣ ከተመለስን በኋላም በኦንላይን እየተገናኘን ነበር። ሐዘኑ ጠፋ አልላችሁም። አሁን ስለ ወንድሜ ሲወራ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ እኔም አወራለሁ፣ ቴራፒስቴም ጋር ወሬ ከምቀይርበት ቦታ አልፈናል።

ፔሩ ውስጥ የአማዞን ሕዝቦች የአያዋስካ ባህላዊ እውቀት እ.ኤ.አ. በ2008፣ የሳን ፔድሮው ደግሞ በ2022 የሀገሪቱ ቅርስ ተብለዋል። ግን ሜስካሊንም ዲኤምቲም በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸውና ቀንሳችሁ በሻንጣ ይዛችሁ ለመውጣት እንዳታስቡ።

ሴት እህቶቼ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። በዚህ የሪትሪት ዓለም ውስጥ ፈዋሽ ነኝ ብለው ሰው ራሱን መከላከል በማይችልበት ሰዓት ጾታዊ ጥቃት የፈጸሙ አሉ፣ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሌሊትም ቀንም ከእኔ ጋር የምትሆን ሴት አስተባባሪ አለች ወይ? ንክኪ ላይ ደንባችሁ ምንድነው? አንድ ሰው ቢታመም የቅርቡ ሆስፒታል ስንት ሰዓት ይርቃል፣ መኪና ቆሞ ይጠብቃል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ያስቆጣው ሰው ጋር አትሂዱ፣ ቀብድ ከፍላችሁም ቢሆን ይቅርባችሁ።