ታንኳን ፎቶ ለማንሳት የት ይቆማል?

ባሕር ዳር ባቡር የለም፤ ባቡር ፎቶ ለማንሳት ሐዲድ ዳር ቆሞ መጠበቅ የሚወድ ሰው እዚህ የሚጠብቀው ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል የሚሠራውን ታንኳ ነው።

ጣና ሐይቅ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ ፊትዎን ወደ ውሃው ሲያዞሩ የጠዋት ፀሐይ ከቀኝ፣ የማታዋ ከግራ ትመጣለች። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ታንኳውን ይሸፍነዋል።

ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በኩል እንጨት ጭነው የሚመጡትን ቆመው አያንሷቸው። ታንኳ ከውሃው ብዙም ከፍ ስለማይል ከላይ ሲታይ ከሐይቁ ጋር ይመሳሰላል። ተንበርክከው ሲያነሱ ግን ቀዛፊው ከአድማሱ በላይ ጎልቶ ይወጣል። 200 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል። የመቅዘፊያው ነጠብጣብ ጥርት ብሎ እንዲታይ የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ያድርጉ፤ በ1/125 ይደበዝዛል። የሚያብረቀርቅ ውሃ ካሜራን ያታልላል፤ የሰውየው ፊት ከጠቆረ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ወደ +1 ከፍ ያድርጉ።

ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ግን ሲመሽ ደንገል ውስጥ መንበርከክ አይታሰብም፤ ጉማሬ አለ። ድልድይ ለማንሳት ካሰቡ ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት ጥበቃውን ያስፈቅዱ።

ታንኳ ካልመጣስ? ደንገል ውሃ ስለሚመጥ ታንኳው ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ ያኔ እሱን ያንሱ። ለእኔ ከቀዘፋው ይልቅ ይሄ ይበልጣል፤ እስሩ አንድ በአንድ ይታያል።