ስንጥቅ የሚለካበት ደብተር

ጳጉሜን 3፣ 2017 ዓ.ም.

ትምህርት ሊከፈት ነው። የ7ኛ ክፍል የመሬት ሳይንስ ተማሪዎቼ ወላጅ አስፈርመው የሚመልሱትን «ከተማሪው የሚጠበቅ» የሚባለውን ወረቀት ስጽፍ ስሰርዝ አመሸሁ። ሰዓት አክብሩ፣ ደብተር ሸፍኑ፣ የቤት ሥራ አትገልብጡ የሚለው በሁለት መስመር አለቀ። እጄን የያዘኝ የነጥቡ ክፍፍል ነው። አምና ማጠቃለያ ፈተናው 40፣ ተከታታይ ምዘናው 60 ነበር። ከ60ው ውስጥ 20ውን ለምልከታ ደብተር ሰጠሁት። ዘንድሮ ርእሰ መምህሩ «ወደ 5 ብታወርጂውስ?» ብለውኛል። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም።

የምልከታ ደብተር የምለው ማንም ሱቅ የሚገኝ ስስ ደብተር ነው። ኖት አይጻፍበትም። ልጁ ያየውንና የለካውን ከነቀኑ ያሰፍርበታል፤ ሲሳሳት በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ ያርማል። ገጽ መቅደድ ክልክል ነው። ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፤ የሚያስቀንሰው ቀን አለመጻፍና ከጓደኛ መቅዳት ነው።

ወደዚህ የገባሁት አሳይመንት ስላንገሸገሸኝ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት ባለ ቀለም ሽፋን ለብሶ፣ በስፓይራል ተጠርዞ ይመጣል፤ ውስጡ ከቴሌግራም የወረደ። ልጁን «እስቲ ሦስተኛው ገጽ ላይ ምን አልክ?» ስለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ፕሮጀክት ሲባል ደግሞ ሁሉም እሳተ ገሞራ ነው። ፎም ተገዝቶ ቀይ ይቀባል፣ ቤኪንግ ፓውደር ላይ አቼቶ ይፈስሳል፣ ይንተከተካል፣ ክፍሉ ያጨበጭባል። ደስ ይላል፤ ግን ከእሳተ ገሞራ ጋር አይገናኝም። እዚያ የሚፈላው አቼቶውና ዱቄቱ ሲገናኙ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሳተ ገሞራ ውስጥ ያለው የቀለጠ አለትና በውስጡ የታመቀ ጋዝ ነው። ይባስ ብሎ የሚሠሩት ተራራ ሁሌም አናቱ በረዶ የለበሰ የጃፓን ተራራ ነው። እኛ ያለነው ኮዬ ፈጬ ዳር ነው፤ በክፍላችን መስኮት የረር ተገትሮ ይታያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የከሰመ እሳተ ገሞራ! ሰማዩ በጠራ ጠዋት በስተደቡብ ዝቋላም ይታያል፤ እሱም እሳተ ገሞራ የነበረ፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የያዘ። አንድም ልጅ ሁለቱን ሠርቶ አምጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «የአቼቶ እሳተ ገሞራ አልቀበልም» የሚለው ዘንድሮም አለ።

የአለት ዓይነቶችን ጠይቋቸው፤ ኢግኒየስ፣ ሰዲመንታሪ፣ ሜታሞርፊክ ብለው እንደ ውዳሴ ማርያም ያወርዱታል። የመጀመሪያ ሥራቸው ከሰፈር ሦስት የተለያዩ ድንጋዮች ማምጣት ነው። ሦስቱም ብዙ ጊዜ ከእሳተ ገሞራ የወጡ፣ ማለትም ኢግኒየስ ይሆናሉ፤ ጥቁር ድንጋዩ ባዛልት ነው፣ ሲኖው እያንጠባጠበ የሚያልፈው ቀዩ ደግሞ ሬድአሽ። ሰዲመንታሪ የሆነውን የኖራ ድንጋይ የፈለገ ሙገር ድረስ መሄድ አለበት። አምና አንዷ ብቻ ከግንባታ ቦታ የተረፈ የእምነ በረድ ስባሪ፣ ማለትም ሜታሞርፊክ፣ ይዛ መጣች። ክፍሉ «ይሄ እኮ ሴራሚክ ነው» ብሎ ሳቀባት። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ከዚያ የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠን አንዱን በዋልካ፣ አንዱን በሬድአሽ፣ አንዱን በገረገንቲ ሞላንና እኩል ውኃ አፈሰስንባቸው። ከሬድአሹ ሥር ወዲያው ይንጠባጠብ ጀመር። ዋልካው ላይ ያፈሰስነው ግን ላዩ ላይ ተኝቶ አደረ፤ በማግስቱ አፈሩ በእስክሪብቶ ካሰመርነው ምልክት በላይ አብጦ አገኘነው። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በወረፋ ስለሆነ ስለ ውኃ ሲወራ የሚተኛ ልጅ የለም። የአዲስ አበባ የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች አቃቂ ላይ ለምን እንደተቆፈሩ የገባቸው ያን ዕለት ነው፤ እዚያ ከታች ያለው ቀዳዳ የበዛበት ስኮሪያ (ያው ሬድአሽ) እና የተሰነጣጠቀ ባዛልት ነው፣ ውኃ ይይዛል፣ ያሳልፋልም።

የዓመቱ ዋና ሥራ ግን ስንጥቁ ነው። ግቢያችን ዋልካ ነው፤ ክረምት ጫማ ያስወልቃል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አፈሩ ውስጥ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን አለ፤ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ስንጥቅ አለው። ዳርና ዳሩ ላይ ችካል ተክሎ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ስፋቱን ይለካል።

በታኅሣሥ 26 ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ያ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። መጠኑ ከ5.5 በላይ ነበር። መነሻው ከእኛ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነው። በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ማግማ (የቀለጠ አለት) ከመሬት በታች አለቱን እየሰነጠቀ ይገባ ነበርና። እዚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቷል። እኛ ጋ የኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ያለ ሁሉ ልጁን ታቅፎ ደረጃ ወረደ። ከገና በኋላ አንዲት እናት ግቢያችን ገብተው አጥሩ ሥር ያለውን ስንጥቅ በስልካቸው ቀረጹ። «መሬቱ ተከፍሏል፣ እንዴት ልጆቻችንን እዚህ እናውላለን?» የሚለው ድምፃቸው ማታውን የወላጆች ግሩፕ ውስጥ ሲዞር አመሸ።

በማግስቱ አንዱ ተማሪዬ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ እሱ እኮ የእኛ ስንጥቅ ነው!» ገጹን ገለጠልኝ። ኅዳር 20፦ 1.2 ሴንቲ ሜትር። ታኅሣሥ 4፦ 1.9። ታኅሣሥ 18፦ 2.6። ጥር 2፦ 3.1። ከመንቀጥቀጡ በፊት ነበረ፤ ከመንቀጥቀጡም በኋላ ድንገት አልዘለለም፣ እንዲያውም አካሄዱ ትንሽ ቀንሷል። ገጹን ፎቶ አንሥቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። እናትየውን ግን ለብቻቸው ደውዬ አነጋገርኳቸው፤ ይሄ ስንጥቅ ከዋልካው ነው ማለት መንቀጥቀጡ የሚናቅ ነው ማለት አይደለም፣ መፍራትዎም ትክክል ነው አልኳቸው። «እሱማ እንዴት አልፈራ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ያው ልጅ አላበቃም። ስምጥ ሸለቆው የሚሰፋው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ብዬ አስተምሬ ስለነበር ቁጭ ብሎ አሰላ። የእኛ ስንጥቅ ከኅዳር 20 እስከ ጥር 2 የሰፋውን ለመስፋት ስምጥ ሸለቆው አራት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው የሚደርስበት። «ታዲያ ዋልካው ለምን አያንቀጠቅጠንም?» አለ። ክፍለ ጊዜው በዚህ አለቀ። ዋልካው ላይ ላዩ ብቻ ነው፣ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ቀስ እያለ ይለቃል። አለቱ ግን ኪሎ ሜትሮች ወደ ታች ተቆላልፎ ለዓመታት ሲሳብ ይቆይና በሰከንዶች ይለቃል፤ ማግማ ሲያግዘው ደግሞ 5 ሚሊ ሜትሩ ተረት ይሆናል። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ፣ ደባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የምድር ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ሰፍቷል። 8 ሜትሩን ክፍል ውስጥ በእርምጃ ለካነው፤ ከሰሌዳው ተነሥተን የኋላው ግድግዳ ልንደርስ ምንም አልቀረንም።

በወላጆች ስብሰባ ግን ሌላ ወሬ ነው የጠበቀኝ። አንድ አባት ተነሥተው «የምከፍለው ልጄ ጭቃ እንዲለካ ነው? የሚቀጥለው ዓመት ሚኒስትሪ አለባቸው፤ ኖት ይሰጣቸው» አሉ። ጭብጨባ ነበረ። እኔም ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም፤ ሚኒስትሪው የአጥርህ ሥር ስንጥቅ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ አይጠይቅም። ከኋላ የተቀመጡ ሌላ አባት፣ ግንበኛ ናቸው፣ እጃቸውን ሳያወጡ «እኛ እኮ ፋውንዴሽን ስናወጣ መጀመሪያ የምናደርገው ዋልካውን ጠርጎ ገረገንቲ መሙላት ነው። ያንን ያላወቀ ኢንጂነር ነው ግድግዳ የሚያስሰነጥቀው» አሉ። ለእሳቸው ያጨበጨበ አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ ወሰንኩ። ደብተሩ 15፣ አጫጭር ፈተና 5 ተጨመረበት። ርእሰ መምህሩ ፈተና የሚለውን ቃል ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ፈተናው ደብተር ተከፍቶ የሚሠራ ነው፤ ጥያቄውም የሚወጣው ከየልጁ ደብተር ነው። የማጠቃለያውን 40 አልነካሁትም፤ ለኖቱም በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ለይቼለታለሁ፣ ይጻፍ፣ ይሸምደድም።

የቀረኝ የዕቃ ዝርዝሩ ነው። ስስ ደብተር 1። እርሳስ፣ ምክንያቱም እስክሪብቶ እርጥብ ገጽ ላይ ይፈስሳል። ማስመሪያ፣ ሚሊ ሜትሩ ያልደበዘዘ። ከአፉ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ 3፣ በቡድን። ቀጥ ያለ ሽቦ 1 ሜትር፣ እሱም በቡድን፤ አምና ግማሽ ሜትር ብዬ ጽፌ የካቲት ላይ የስንጥቁን ታች መንካት አቅቶናል።