የምሳ ሰዓት ጥያቄዎች

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ የግንባታ ሳይት ላይ ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ከጋምቤላ ከመጡ ወጣት ሠራተኞች ጋር ኤችአይቪን ለመከላከል ስለሚረዳው የወንድ ልጅ ግርዛት አወራን። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ወንድ በሕፃንነቱ ስለሚገረዝ ጉዳዩን የሚያነሳ የለም። እነሱ ግን ብዙ የሚጠይቁት ነበራቸው።

"ያማል?" አለኝ አንዱ። በማደንዘዣ ነው የሚሠራው አልኩት። ቁስሉ በደንብ እስኪድን 6 ሳምንት ከግንኙነት መታቀብ ግን ግድ ነው።

"ታዲያ ኮንዶም ቀረ?" አለ ሌላው። በፍጹም! በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች ግርዛት ወንዱ ከሴት በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ኮንዶሙም ምርመራውም ይቀጥላል።

በጣም ያሳሰበኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። "ሥራ ካልገባሁ የዛሬን ማን ያበላኛል?" እውነቱን ነው። የቀን ሠራተኛ ላገግም ብሎ ቤት ሲውል ገቢው ይቆማል። አሠሪዎች፣ እባካችሁ ይህን አስቡበት።

የያዝኩት በራሪ ወረቀት በአማርኛ ብቻ ነው። በኑዌርኛ ወይም በአኙዋክኛ በድምፅ የተቀዳ ማብራሪያ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። በቴሌግራም አደርሳቸዋለሁ። ውሳኔው የራሳቸው ነው፤ መረጃው ግን በሚገባቸው ቋንቋ ይድረሳቸው።