ሰርቪሱ የቀረ ሳምንት

ሰኞ ጠዋት የሰርቪሱ ሹፌር ደወለ። ፍሪሲዮን ተበላሽቶበት ጋራዥ ገብቷል፤ ሳምንቱን አይመጣም። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት በእግር ይዤው ወጣሁ። 20 ደቂቃ ፈጀብን። በሰርቪስ እኮ 12:40 ከቤት ወጥቶ፣ ሰፈር ለሰፈር ልጅ ሲለቃቅሙ አብሮ ዞሮ፣ የሚደርሰው 1:45 ነው!

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ትልቁም ትንሹም ብስክሌት ይነዳ ነበር። እኔም ኮርቻው ላይ ሆኜ ፔዳሉ ስለማይደርስልኝ፣ በአባቴ ፊኒክስ ብስክሌት ብረት ሥር እግሬን አሾልኬ ነው የለመድኩት። አዲስ አበባ ወልጄ ግን ልጄን ሱቅ እንኳ ብቻውን ልኬው አላውቅም።

ማክሰኞ «ዛሬ አንተ ነህ የምትመራኝ» አልኩት። ዜብራው ላይ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ይጭናል። በፊቱ በኩል ብቅ ሊል ሲል ኮሌታውን ያዝኩት። ልቆጣ ነበር፤ ግን ቁጢጥ ብዬ በእሱ ቁመት ሳየው መንገዱ የለም፤ ጎማና ታርጋ ብቻ። የሚመጣው ሹፌርም እሱን አያየውም። ስንት ዓመት «ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር» ስለው ኖሬያለሁ፤ ምኑን ይይ? ከዚያ ወዲህ የቆመ መኪና ካለ እስኪሄድ መጠበቅ ነው፣ ካልሆነም መንገዱ ወለል ብሎ ወደሚታይበት እልፍ ማለት። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ደግሞ መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ ግራ ጠርዝ መያዝ።

የባሰው የትምህርት ቤቱ በር ነው። እዚያ የምንተራመሰው እኛው ወላጆች ነን፤ በሩ ላይ ካላወረድን እያልን ወደ ኋላ ስንነዳ ልጆቹ በመሐል ይሹለከለካሉ። አንዲት ተማሪ ትራፊክ፣ አንጸባራቂ ሰደርያዋ ጉልበቷ ደርሶ፣ «ቁም» የሚለውን ምልክት ዘርግታ ቪኤይት አስቆመች። ልጄ ፈዝዞ ቀረ። «አባዬ፣ ስንተኛ ክፍል ስትደርስ ነው እሱን የሚሰጧት?»

ሐሙስ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላው ሆኜ ተከተልኩት። አርብ ከጎረቤት ሁለት ትልልቅ ልጆች ጋር ሄደ፤ እኔ እስከ ዜብራው ብቻ።

አሁን ብስክሌት ይለኛል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፣ መኪና በተዘጋበት አስፋልት አዝዬው ሄጃለሁ፤ አያስታውሰውም። በአዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች የብስክሌት መሥመር አለ፤ ከእኛ ሰፈር እዚያ ለመድረስ ግን አንድ አደባባይ ማለፍ ግድ ነው፣ እሱን እኔም አልደፍረውም። ለጊዜው ግቢ ውስጥ ይንዳ።

ማምሻውን ሹፌሩ ደወለ። መኪናው ተሠርቷል፤ የወሩን መቼ እንደማስገባ ጠየቀኝ።

«ቆይ እስቲ፣ ልጁን ልጠይቀው» አልኩት።