ከወጣት ባልደረቦቼ ጋር ስድስት ወር፦ እስካሁን የገባኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የአምስት ሰዎች ቡድን መምራት ከጀመርኩ ስድስት ወር ሞላኝ። አራቱ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ የተወለዱ ናቸው፣ ጄን ዚ የምንላቸው። እኔ ሃያ ዓመት ገደማ እበልጣቸዋለሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ስለ ትውልዶች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ነበር። ያ ትውልድ እንዲህ ነው፣ ይሄኛው እንዲያ ነው የሚል ብዙ ጽሑፍ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት ግን ሠራተኛን በትውልድ ከፋፍሎ ለመምራት በቂ ማስረጃ የለም ይላል። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። አራቱም አንድ ዓይነት አይደሉማ!

ብዙ ያስተማረኝ አንድ አጭር መልእክት ነው። አንድ ማታ ለአንዱ ልጅ «ነገ ስትገባ እኔ ጋ ብቅ በል» ብዬ ጻፍኩለት። ጠዋት ሲመጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ወንበሩን እንኳ ሳይስብ «ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። እኔ የጠራሁት አዲሱን ሥራ አንተ ምራው ልለው ነበር። ለካ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ያሰናበተው ልክ እንዲህ ባለ መልእክት ጠርቶት ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ሲነግረኝ በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ስጠራ ለምን እንደምጠራው አብሬ እጽፋለሁ። ማታ የጻፍኩትንም ጠዋት እንዲደርስ አድርጌ ነው የምልከው፣ ምክንያቱም እኔ በሚመቸኝ ሰዓት ስጽፍ እነሱ አሁኑኑ መልሱ የተባሉ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኛ ስንጀምር አለቃን ለምን ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነበርና መጀመሪያ ላይ ቅር ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዷ «ይህን የሳምንት ሪፖርት ማን ነው የሚያነበው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሄጄ ጠየቅኩ፣ ለካ ከተተወ ቆይቷል፣ ማንም አያነበውም። በየሳምንቱ የሰው ግማሽ ቀን ይበላ የነበረውን ሥራ በዚያው አስቀረነው። እሷም ከዚያ በኋላ ሐሳብ ይዛ መምጣት አበዛች።

አሁን ከእያንዳንዳቸው ጋር በሳምንት 15 ደቂቃ ብቻችንን እንቀመጣለን። «ሥራ እንዴት ነው?» ስል መልሱ ሁልጊዜ «አሪፍ ነው» ነበር፣ እዚያው ያልቃል። «በዚህ ሳምንት ጊዜህን የበላው ምንድን ነው?» ማለት ስጀምር ግን ወሬው መጣ። ስህተት ካየሁም ያኔውኑ እናገራለሁ። ድሮ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ራሴ አስተካክዬ እልከው ነበር፣ እነሱ ደግሞ የተስተካከለውን ፋይል ሲያዩ «አታምነንም ማለት ነው» ብለው ይደመድሙ ነበር።

አንቱታውንም ተዉት፣ አንቺ በሉኝ ብዬ ነበር። ሦስቱ ወዲያው ለመዱት። አራተኛዋ ግን አፏ እምቢ አላት፣ እኔም ተውኳት። በእርስዎ እየጠራችኝም ከሁሉም በላይ በግልጽ የምታወራኝ እሷ ናት።

ቀጥሎ የምሞክረው ከእነሱ መማርን ነው። የአሜሪካው ኩባንያ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጃክ ዌልች እ.ኤ.አ. በ1999 500 ከፍተኛ ኃላፊዎቹ ስለ ኢንተርኔት ከወጣት ሠራተኞች እንዲማሩ አድርጎ ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን እንዲያሳየኝ አንዱን ጠይቄዋለሁ፣ ሰኞ እንጀምራለን።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ስብሰባ ላይ አንድም ቃል የማይተነፍስ ልጅ አለ፣ ሥራው ግን ድንቅ ነው። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ጥሩ ያወራል። ሰው ፊት እንዲናገር ልገፋፋው ወይስ ሐሳቡን አስቀድሞ በጽሑፍ ይላክልኝ? እንዲህ ዓይነት ልጅ ያጋጠማችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።