የማርሽ ባንድ የኮንሰርት ተጫዋችን ያበላሻል?

በአሜሪካ ኮሌጆች እየተራመደ የሚጫወተውን የማርሽ ባንድ የፉትቦል ጨዋታ ማድመቂያ ብቻ አድርገው የሚያዩ፣ «ድምፅ ያበላሻል» ብለው የሚሸሹት የሙዚቃ ተማሪዎች አሉ። እኔ ግን ማርሹንም ተቀምጠው የሚጫወቱትን የኮንሰርት ሙዚቃም አብሮ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

እርምጃውን እንመልከት። በተለመደው አካሄድ 5 ያርድ በ8 እርምጃ ይሸፈናል፤ አንዱ እርምጃ 57 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ ጣቶች ወደ ላይ ይቀሰራሉ፣ ከዚያ ውስጥ እግር ቀስ ብሎ መሬት ይነካል። እግር ዱብ ካለ ንዝረቱ መሣሪያውን እስከሚነፋው ከንፈር ድረስ ይዘልቅና ረጅሙን ኖታ ያንቀጠቅጠዋል። ይህን ለመግታት ሆድና ወገብ ትንፋሽን መደገፍ ይለምዳሉ፤ ልምዱ ወንበር ላይ ሲቀመጡም አይለይም።

ድምፅ 50 ሜትር ለመጓዝ 0.15 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ ይህ የአንድ ምት ሲሶ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከሜዳው ማዶ የሰማውን የተከተለ ይዘገያል፤ ዓይን ከመሪው እጅ መነቀል የለበትም። ለኦርኬስትራም ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም!

ጉዳቱም እውነት ነው። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ፣ ተጫዋቹ ራሱን ለመስማት ሲል ከአቅሙ በላይ ይነፋል፤ ድምፁ ይሻክራል፣ ቃናውም ይዛባል። ከሜዳ መልስ ለ10 ደቂቃ ረጃጅም ኖታዎችን በለሆሳስ መንፋት ከንፈርን ያረጋጋል። የእንጨት ክላርኔት በዝናብና በብርድ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ለሜዳ የፕላስቲኩ ይያዝ።