ጉልበት ከተቀየረ በኋላ «አርፈሽ ተኚ» አይሠራም

ሐበሻ በሽተኛ ሲጠይቅ የሚለው ይታወቃል። «እግዜር ይማርሽ፣ አርፈሽ ተኚ፣ እንዳትነሺ።» ለጉንፋንም ለወባም ጥሩ ነው። ለተቀየረ ጉልበት ግን ከዚህ የባሰ ምክር አላውቅም። እዚህ ሜሪላንድ ቀኝ ጉልበቴን ካስቀየርኩ ወዲህ «እንዴት ሆነልሽ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ይህን የምጽፈው።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነበር። ማንሳት፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ። ጉልበቴ ማበጥ ሲጀምር «ብርድ ነው» ተባለ። ቅባት ተቀባሁ፣ ጸበል ተጠመቅሁ፣ አዲስ አበባ ስሄድ ወጌሻም አየኝ። ጸበሉን አሁንም አልተውኩም። ወጌሻው ግን ያበጠውን ጉልበት አሽቶ አሽቶ ሌሊቱን እንቅልፍ አሳጣኝ። ራጅ ስነሳ ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልም አጥንት አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ያለቀ ልም አጥንት ደግሞ በማሸትም በክኒንም አይመለስም። የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ወራት አሳረፈኝ፤ ከዚያ እሱም አልያዝ አለኝ።

የገረመኝ፣ ሐኪሟ ራጁን ብቻ አይታ «ይቀየር» አላለችም። ሕመሙ ሌሊት ይቀሰቅስሻል? ደረጃ እንዴት ትወርጃለሽ? በጉልበትሽ ምክንያት የተውሽው ነገር አለ? ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሴ መቆም ትቼ ነበር። ገበያ መሄድ ትቼ ነበር። ለዓመታት የዋጥኩት ማስታገሻም ጨጓራዬን ጨርሶታል። መልሱ ከዚያ መጣ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያለውን ጊዜ እንደ ቀልድ አትዩት። ጥርሴን አስመረመሩኝ፤ ከተበላሸ ጥርስ የተነሳ ባክቴሪያ በደም ሄዶ አዲሱ ብረት ላይ ሊሰፍር ይችላል። የሦስት ወር የስኳር መጠኔን አይተው «ይህ ካልወረደ አንነካሽም» አሉኝ። ከመጨረሻው የስቴሮይድ መርፌ በኋላም ሦስት ወር እንዲያልፍ ጠበቁ፤ ቶሎ ከሆነ የኢንፌክሽን አደጋው ይጨምራል። እኔም የጭኔን ጡንቻ ማጠንከር ያዝኩ፣ ቤቱን አስተካከልኩ። ምንጣፍ ተጠቀለለ። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ተገጠመ። ቡና የማፈላበት ዱካ ጓዳ ገብቶ በምትኩ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር መጣ። ረከቦቱም ጠረጴዛ ላይ ወጣ። (እናቴ ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር።)

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ጀርባዬ ላይ ወግተው ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ብዙ ሰው ጉልበቱ እንዳለ ወጥቶ ሌላ የሚገባ ይመስለዋል። የሚደረገው፣ ያለቁት የአጥንት ጫፎች በስሱ ይቆረጡና ብረት ይለብሳሉ፤ በመካከላቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ያን ዕለት ማታ በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዘው ባለ አራት እግር መደገፊያ፣ አቆሙኝ። ልጄ ደንግጣ «እማዬ፣ ዛሬውኑ?» አለች።

ዋናው ሥራ ቤት ስንገባ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ይበልዛል፣ ጠንካራው የማስታገሻ ክኒን ሆድ ያደርቃል። ፊዚዮቴራፒስቱ ምሬቴን በትዕግሥት ይሰማና ወደ ዲግሪው ይመለሳል። እግሩ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። መታጠፉ ደግሞ 90ን አልፎ ወደ 120 ዲግሪ መጠጋት አለበት፤ አለበለዚያ ከወንበር መነሳትና ደረጃ መውረድ ፈተና ነው። በጊዜው ካልታጠፈ ውስጡ ጠባሳ ሠርቶ ይደርቃል። ያኔ እንደገና አደንዝዘው በግድ ያጥፉታል።

ጠያቂ የሚጎርፈው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ዶሮ ወጥ፣ አጥሚት፣ ድፎ ዳቦ ይዞ። ባይመጣም ይከፋኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሳሎን ሙሉ እንግዳ እያለ እየጮኹ እግር ማጠፍ የለም። ከዚያ ደግሞ የትራሱ ነገር አለ። «እትዬ፣ ከጉልበትሽ ሥር ላድርግልሽ፣ ትንሽ ይቅለልሽ።» ይቀላል፣ እውነት ነው። ጉልበት እንደታጠፈ እንዲቀር የሚያደርገውም ይኸው ትራስ ነው። መግባት ያለበት ከተረከዝ ሥር ነው፤ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲዘረጋ። ያማል። በመጨረሻ ልጄ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት እንግዳ አንቀበልም። ትራስ መንካት ክልክል ነው።» ቅር ያለው ነበር። አንዲት ጎረቤቴ ግን በየቀኑ እየመጣች ኮሪደሩን አብራኝ ትመላለስ ጀመር። ከጥየቃው ሁሉ የጠቀመኝ የሷ ነው።

ክኒኑን ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መዋጥ፣ ከልምምዱ በኋላ በረዶ መያዝ ብዙ ያግዛል። ባት ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን «እስቲ ይደር» አይባልም፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣም ወዲያው ለሐኪም መደወል ነው እንጂ ቤት ውስጥ ያለ አንቲባዮቲክ መጀመር አይገባም።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ያስቀየረችው ዳሌዋን ነው። ከእኔ ቀድማ ተራመደች፤ ዳሌ ብዙ ጊዜ ከጉልበት ይፈጥናል። የተሠራላት ከኋላ በኩል ስለሆነ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌዋን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍና እግሯን ማነባበር ተከለከለች፤ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ዱካ ቀረ፣ ዝቅ ያለ ሶፋ ቀረ፣ ቁጢጥ ብሎ ሽንት ቤት መጠቀም ቀረ። ግቢያቸው ያለው ሽንት ቤት መቀመጫ ስላልነበረው ከሐኪም ቤቱ ክፍያ ቀጥሎ የመጣው ወጪ እሱ ሆነ።

አሁን ደረጃ እወርዳለሁ፣ ቅዳሴ እቆማለሁ። መንበርከክ ላይ ነው የቀረሁት። ሐኪሟ «ብረቱ አይሰበርም» ብላኛለች፤ ግን ከጠባሳው ጎን ያለው ቆዳ ደንዝዟል፣ መሬት ሲነካ ይጨንቃል። ለሕማማት ስግደት የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቆመሽ እጅ ንሺ» አሉኝ።

ሁሉም ሰው እንደ እኔ አይሆንለትም። ከአምስት ሰው አንዱ ያህል «የጠበቅሁትን አላገኘሁም» ይላል፤ ስለዚህ ገና በደንብ ለሚራመድ ሰው «ቶሎ አስቀይር» አልልም። የተቀየረ ጉልበት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለሚጠይቁኝ፣ እኤአ በ2019 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ100 የተቀየሩ ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ ይላል። የግራው ጉልበቴም ጀምሮታል። ደረጃ ላይ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ግን ያስተኛኛል። እስከዚያው ብስክሌቱን እየመታሁ እጠብቃለሁ፤ ወረቀቱንም ልጄ አልጣለችውም።